ስሙ እንዲጠራ የፈለገው አጎቴ

ወሬ ማጣራት እንጀራዬ ነው። አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትተላለፍ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት አለችኝ። ሰዉ ሲቀባበለው የሰነበተውን አንድ ወሬ አነሣና ከየት መጣህ፣ ማን ወለደህ እለዋለሁ። ሥራው ከሩቅ እንደሚታየው የተከበረ አይደለም። ስልክ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ ቢያድር ባትሪው ይታደሳል የተባለውን ለማጣራት የራሴን ስልክ ቀብሬ፣ በማግስቱ አንዲት ፍሬ ሩዝ ቻርጀር መሰኪያው ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላኝ ታውቃለች።

የምኖረው ዓለም ገና፣ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ስለኔ ሲጠይቋት "ልጄ አፏ ነው እንጂ ሆዷ ባዶ ነው" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎ ይበርድልኛል። ችግሩ በመካከሉ የምናገረው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሄጄ አልሰበስበውም።

ወረርሽኙ ካለፈ ዓመታት ሆነውት ነበር። በየበሩ ቆሞ የነበረው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ወደ ድሮ ሥራው ተመልሷል፣ ማስክ የሚያደርገውም አቧራ የበዛበት ሰው ብቻ ሆኗል። ታዲያ አለቃዬ አንድ ጠዋት የታተሙ ወረቀቶች ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። የውጭ አገር ዜናዎች ናቸው። ሁሉም በየራሳቸው አባባል አንድ ነገር ይላሉ፦ ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ የስለላ ሰዎች እንደተናገሩት በሽታው ከአንድ ላብራቶሪ ሾልኮ ሳይወጣ አይቀርም።

"ይኼን አጣሪልኝ" አለኝ።

"እስከ መቼ?"

"እስከ ሐሙስ።"

የዓለም ሰላዮች ስንት ዓመት ደክመው ያልተስማሙበትን እኔ ከዓለም ገና በሁለት ታክሲ እየተመላለስኩ እስከ ሐሙስ ላጣራው ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈላ፣ ከዚያ ወረቀቶቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ገባኝ። "ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ" የምትለዋ ሐረግ ጉልበት አላት። ስታነቡት ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ጆሯችሁ ሥር ጠጋ ብሎ የሚያንሾካሹክ ይመስላችኋል። ስሙን ከነመሥሪያ ቤቱ የተናገረ ሰው እንደሱ አያስፈራም። በዚያች ሐረግ ቀናሁ፤ ለኔም ዝግጅት አንድ ብትገኝ ብዬ ተመኘሁ።

ላብራቶሪ የሚያውቅ ሰው ከዘመዶቼ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእናቴ ታናሽ ወንድም። ጋሼ እያልኩ አንተ የምለው አጎቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከብት በሽታ የሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቶ፣ ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ጡረታ ወጥቶ፣ አሁን ቡራዩ ዶሮ ያረባል፣ እንቁላል ይሸጣል። ሥራውን ተወው እንጂ ሥራው አልተወውም። ዶሮ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። እያንዳንዷ እንቁላል ላይ የተጣለችበትን ቀን በእርሳስ ይጽፋል። የሰፈሩ ሰው ይስቅበታል፣ እንቁላል ሲያስፈልገው ግን ሌላ ቤት አይሄድም።

አሁን የኛ ዓለም ገና ያለችበት ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በአንድ ከተማ ስም ይጠራሉ። ለታክሲ ተሳፋሪ ግን ሦስት አገር ናቸው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመድረስ አዲስ አበባን ማቋረጥ ግድ ነው። ቡራዩ ስደርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። አጎቴ ጫማዬን አስወልቆ የዶሮ ቤት ጫማ አስደረገኝና በደስታ ተቀበለኝ። ቤቱ ደስታ የሰፈነበት ጊዜ ነበር። አንዲት ልጁን፣ ያቺን ከኔ የባሰች ምላሰኛ፣ ከሱሉልታ አንድ አስተማሪ ወዷት ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጥተው፣ እንደ ደንቡ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄደዋል። ሁለተኛው ቀጠሮ ሦስት እሑድ ቀርቶታል።

መቅረጫውን ከፈትኩና ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ በሽታ ከላብራቶሪ ሊወጣ ይችላል?"

"ልብ በይ፣ ይችላል" አለ። አጎቴ ሲናገር ልብ በይ ሳይል አይጀምርም። "ባይችልማ ሁለት በር ለምን እንሠራ ነበር? እኔ ራሴ አንድ ቀን ርቦኝ፣ ጋዎኔን እንደለበስኩ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሁለተኛው በር ላይ ጥበቃው አንገቴን ይዞ መለሰኝ። ግን ልብ በይ፣ ሊወጣ ይችላል ማለት ሌላ፣ ወጣ ማለት ሌላ ነው። ወጣ የሚል ሰው የትኛው በር ክፍት እንደነበር ይንገረኝ።"

ይኼን ሁሉ ሲናገር አውራ ዶሮው ከጓሮ አሥር ጊዜ ጮኸ። ስጨርስ አጎቴ ሸሚዙን አስተካከለ፤ ሬዲዮ መሆኑን እያወቀ።

"በይ ስሜን ከነአባቴ ጥሪው። ሱሉልታዎች ይስሙት። ከማን ጋር እንደሚጋቡ ይወቁ" አለኝ።

"እሺ" አልኩት። እሺ ማለቴን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ስቱዲዮ ገብቼ ጽሑፉን ስጽፍ ግን እጄ ቆመ። በአንድ በኩል የዓለም ሰላዮች፣ በሌላ በኩል የቡራዩ እንቁላል ሻጭ። ያ የስለላ ወሬ እንደዚያ ገዝፎ የኔ ምስክር ከነዶሮው ሲመጣ አሳነሰኝ። ያቺን የቀናሁባትን ሐረግ አነሣሁና ጻፍኳት፦ "ለረጅም ዓመታት በላብራቶሪ የሠሩና ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ባለሙያ።" አልፈለገም እኮ። እኔ ነኝ የፈለግኩለት። ነገሩ የተሟላ እንዲሆን ደግሞ ድምፁን አጎረነንኩት፤ አጎቴ እንስራ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ጅብ መሰለ።

ሐሙስ ተላለፈ። አለቃዬ "አሁን ገና ዝግጅት ሆነ" አለ። እናቴ ደግሞ ስገባ ጠብቃኝ "ወንድሜን ምን አጠፋና ደበቅሽው?" አለችኝ። "የሙያ ነገር ነው፣ አይገባሽም" አልኳት። እናቴ ዝም ስትል መስጋት ነበረብኝ፣ ግን ደክሞኝ ነበር።

አጎቴ ራሱ በማግስቱ ደወለ። "ልብ በይ፣ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ነበር የማዳምጠው" አለኝ። "ማንም እኔ መሆኔን አላመነኝም። አውራ ዶሮው ሲጮህ ነው ያመኑት።" ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ግን እንደወትሮው አልረዘመም፣ ቶሎ ስልኩን ዘጋ።

አሥር ቀን ካለፈ በኋላ የደወለችልኝ የአጎቴ ልጅ ናት። ሰላምታም አላስቀደመችም።

"ሱሉልታዎች ትንሽ እንቆይ ብለው ልከዋል።"

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እሱ ነው የነገረኝ፣ አስተማሪው። አባትሽ በሽታውን በጋዎን ይዞ ወጥቷል ተብሎ እየተወራ ነው አለኝ። ስሙን የደበቀውም ጥፋት ስላለበት ነው ይላሉ። ያልሰረቀ ስሙን ይደብቃል? ይላሉ።" ትንፋሿ ተሰማኝ። "አባዬ በር ላይ መቀመጥ ትቷል። እንቁላል ሊገዛ የመጣውንም ሰው እኔን ነው አውጪለት የሚለኝ። አንቺ ወሬ አጣሪ ነሽ አይደል? በይ አጣሪ።"

የላም ደም ሲመረምር የኖረ፣ ወረርሽኙ ሳይመጣ ጡረታ የወጣ ሰው የዓለምን በሽታ በዳቦ መግዣ ጋዎን አወጣ ሲባል ሰሚ ይስቃል ብዬ አስብ ነበር። ወሬ ግን ቀን አይቆጥርም። ተቆጣሁ፤ መጀመሪያ በሱሉልታ ሰው፣ ከዚያ በአለቃዬ፣ ከዚያ በአውራ ዶሮው። በማን መቆጣት እንዳለብኝ ሆዴ እያወቀ ነበር።

በማግስቱ ሱሉልታ ወጣሁ። ሽማግሌ መላክም መከልከልም የሚችሉት የአስተማሪው ወንድ አያት ናቸው። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ይላቸዋል። ከላሞቻቸው በረት ጎን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ገለታ ዋቃ፣ ደህና ነኝ ኦቦ" አልኩ። ኦሮምኛዬ ሰላምታ ላይ ይሮጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያነክሳል። እሳቸውም ገብቷቸው ወደ አማርኛ መለሱልኝ። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝ።

"ሦስት ወፍ መጥታልኛለች" አሉ።

"ወፍ ምንድን ናት?"

"አውጫጭኝ ታውቂያለሽ?"

ስሙን ሰምቻለሁ፣ ነገሩን አላውቀውም ነበር። ድሮ አገር ውስጥ ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሲገደልና ያደረገው ሲጠፋ፣ ሰዉ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። ነገሩ እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ ሰው ጎረቤቱን ፈርቶ በግልጥ ካልተናገረ፣ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ይነግራል። ሽማግሌውም የነጋሪውን ስም ሳይጠራ "ወፍ እንዲህ አለችኝ" ይላል። ኦቦ በወጣትነታቸው እዚያ ሜዳ ላይ ውለው አድረዋል።

"እኮ ስማቸውን ይንገሩኝ፣ ሄጄ ላፋጥጣቸው" አልኳቸው።

"ወፍ ስም የላትም።"

"ስም የሌለው ሰው በተናገረው ነው እንዴ አንድ ሽማግሌ ሰው የሚዋረደው?"

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺስ ለሬዲዮሽ ወፍ አላስጮህሽም?" አሉኝ።

አንዲት ላም እንኳ ዞር ብላ ያየችኝ መሰለኝ። ኦቦ ግን አልጨከኑብኝም። አንድ ጊዜ በሬ ጠፍቶ ሜዳ ላይ ሲውሉ ሦስት ወፍ መጥታ አንድ ሰው እንደጠቆመች አጫወቱኝ። ሰዉ ሦስት ከሆኑማ እውነት ነው ብሎ ተነሣ። አንድ ትልቅ ሰው ግን ቆይ አሉና ወፎቹን ለየብቻ ጠየቋቸው፤ በዓይንሽ ነው በጆሮሽ? በጆሮዬ። ከማን አፍ? ሦስቱም ከአንዲት ሴት አፍ። ሴትየዋ ደግሞ ከሰውየው ጋር በድንበር የተጣላች ናት። በሬው ከወንዝ ማዶ ከሰው ከብት ተቀላቅሎ ሲግጥ ተገኘ።

"ከአንድ ዛፍ የተነሣች ሦስት ወፍ አንድ ወፍ ናት" አሉ ኦቦ። "እኔ አሁን እግሬ አልሄድ ብሎኝ ዛፉን አልፈለግኩም። ወፎቹን አልነግርሽም። አንዷ ከመንገድ ነው የመጣችው፣ አንዷ ከወተት፣ አንዷ ከለቅሶ። ዛፉን ካገኘሽ ለቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቼን ይዤ ቡራዩ እመጣለሁ፣ አጎትሽ ፊት ትናገሪያለሽ። ካላገኘሽ አልመጣም። ሰው ሰውን የሚያገባው አጣርቶ ነው።"

እሑድ ደግሞ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

የመንገዱ ቀላል ነበር። ሱሉልታ ታክሲ ተራ ሄጄ ሬዲዮ የማይዘጋ ሹፌር የቱ ነው ስል አምስቱም ወደ አንዱ ጠቆሙኝ። ያ ሰው ወሬውን ለመናገር አላስለመነኝም። "አንድ የላብራቶሪ ሰው በሽታ ይዞ ሊወጣ ነበር ብሎ ራሱ አምኗል። ስሙን ደብቀውለታል። ድምፁንም ቀይረውለታል፣ አስቢው፣ ንጹሕ ሰው ድምፁ ይቀየርለታል?" አለኝ። በምን ዝግጅት እንደሰማው ስጠይቀው የዝግጅቴን መግቢያ ሙዚቃ አፏጨልኝ። ጎበዝ አፏጪ ነው።

ወተቱ ትንሽ አስኬደኝ። ወተት መሰብሰቢያው ላይ ማልጄ ቆምኩ። አንዲት ሳቂታ ሴት ቆርቆሮዋን እያወረደች ነገሩን ከቡራዩ እህቷ እንደሰማችው ነገረችኝ። ለእህቷ ደወልንላት። እህቷ የአጎቴ እንቁላል ደንበኛ ናት። "በሬዲዮ ሰምቼ ነው" አለች፤ "ድምፁማ የሰው አይመስልም ነበር። ግን ልብ በይ ሲልና ያ የረገመው አውራ ዶሮ ሲጮህ አወቅኩት። ለምን ተደበቀ ብዬ ለእህቴ ነገርኳት እንጂ ሌላ ምን አልኩ?" ምንም አላለችም፣ እውነቷን ነው። ለምን ተደበቀ ማለት ብቻ በቂ ነበር።

ለቅሶው ቀረ። የሱሉልታዎቹ ዘመድ ሰበታ ሞታ፣ ከዚያ ለቅሶ የተመለሰች ሴት ናት ለኦቦ የነገረቻቸው፤ ይኼን ከሙሽራው አወጣሁ። ሰበታ ለቅሶ ቤት ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት አሉ የነገረቻት። ማምሻዬን ቤት ገብቼ፣ እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተዘረጋሁና ድካሜን ዘረገፍኩላት።

"ሁለቱ የኔን ዝግጅት ሰምተው ነው። ሦስተኛዋ ግን አንዲት የሰበታ ወሬኛ ናት። አግኝቼ ምላሷን ባጠፍኩት" አልኳት።

እናቴ ምስሩን መልቀም አቆመች። ከዚያ የሌለ ጠጠር መፈለግ ጀመረች።

"እማዬ?"

"ወሬኛ አትበይኝ" አለች።

ለቅሶው ላይ ሰው ስለ ሬዲዮው ሲያወራ አልቻለችም። ያ ስሙ የተደበቀው የኔ ወንድም ነው፣ ያዘጋጀችውም የኔ ልጅ ናት ብላ አጠገቧ ላለችው ሴት በኩራት ነገረቻት። ሴትየዋ ታዲያ ለምን ተደበቀ አለቻት። እናቴ እኔን አምና "ልጄ የሙያ ነገር ነው ብላኛለች፣ ምስጢር አለው" ብላ መለሰች።

"ምስጢር አለው አልሽ?"

"አንቺ አይገባሽም ብለሽኝ የለ። የማይገባኝን ነገር ምን ልበለው?"

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ እናቴም መጀመሪያ ተቆጥታ፣ ከዚያ ምስሩን ወደ ጎን አድርጋ አብራኝ ሳቀች። ሲበርድልን ለኦቦ ደወልኩና ዛፉን አገኘሁት አልኳቸው። ማን ነው አላሉኝም። "እሑድ" ብለው ዘጉ።

እሑድ ጠዋት ቡራዩ የአጎቴ ግቢ ሦስት ጊዜ ተጠርጓል። አጎቴ ኮቱን ለብሶ፣ ይመጣሉ አይመጡም እያለ የአጥሩን በር ሁለት ጊዜ ዘግቶ ሁለት ጊዜ ከፈተው። መጡ። ኦቦ ከፊት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላ። በደንቡ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ወንበሩ ተደርድሮ እያለ ቆሙ። ዘጠና ሊሞላቸው የቀረቡት ኦቦ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። አጎቴ ቁጭ በሉ አላቸው። ኦቦ ራሳቸውን ነቀነቁና እኔን አዩኝ።

በሬዲዮ ለስንት ሺህ ሰው የማወራው እኔ፣ ለአራት ሽማግሌ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ።

"ሦስቱም ወፍ ከአንድ ዛፍ ነው የተነሡት" አልኩ። "ዛፉ እኔ ነኝ። አጎቴ ስሜን ከነአባቴ ጥሪው ነው ያለኝ። እሱ አልደበቀም። እኔ ነኝ የደበቅኩት።"

"ለምን?" አሉ ኦቦ።

የሙያ ነገር ነው ልል ነበር። አጎቴን አየሁት። በእጁ ኮቱን አንዴ ይቆልፋል፣ አንዴ ይፈታል።

"አፈርኩበት" አልኩ። "የእንቁላል ሻጭ ስም ከሰላይ ጎን ሲቀመጥ ያሳንሰኛል ብዬ አፈርኩበት።"

አጎቴ መሬት መሬት አየ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት የለም፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልብ በይ" አለኝ። "ከነዚያ ሰላዮችሽ የተናገረውን ከነቀኑ ጽፎ የሚያቀርብ አለ? እኔ እንኳን ንግግሬን፣ እንቁላሌንም ከነቀኑ ነው የማቀርበው።"

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ናቸው። ቀጥሎ ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ጓዳ ያለችው ልጁም። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ ሳቅኩ።

"ዋሽታ የተገኘች ወፍ ቅጣት አለባት" አሉ ኦቦ። "አሁን ጥሪው። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። እንዲያውም እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪልን፣ ለእኛም የዘር ማጣሪያ ይሆነናል።"

ጠራሁት። ድምፄን ሳላጎረንን፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጠራሁት። አባቱን ጠራሁ፣ አያቱን ጠራሁ፣ አራተኛው ላይ ተደናቀፍኩ። አጎቴ ከጎኔ እያቀበለኝ ሰባተኛው ላይ ደረስን። አውራ ዶሮው መካከል ላይ ገብቶ ጮኸ፣ ማንም አልከለከለውም። ሰባተኛው ሲጠራ ኦቦ እፎይ ብለው ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ፤ ሦስቱም ተቀመጡ። አጎቴ የዚያን ቀን ልጁን ሰጠ።

ያን ሳምንት አለቃዬ የሰጠኝን ወረቀቶች ቤት ወለል ላይ ዘርግቼ በቀይ እስክሪብቶ ዛፋቸውን ፈለግኩ። በአንድ ወሬ ላይ አምስት ወረቀት ነበረኝ። አራቱ አምስተኛውን ነው የሚጠቅሱት። አምስተኛው ደግሞ ሰነድ አንብበናል ያሉ ሰዎችን ይጠቅሳል፤ በዓይን ነው በጆሮ ተብሎ ቢጠየቅ፣ በጆሮ። ሌሎች የስለላ ሰዎች ደግሞ የለም፣ ከእንስሳ ነው የመጣው የሚሉ አሉ፤ የሁሉም እርግጠኝነት ደካማ ነው። ያ ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሊወጣ ይችላል፣ ወጣ ግን የትኛው በር ክፍት እንደነበር የነገረን የለም። ሐሙስ ያንኑ ተናገርኩ፦ አናውቅም። ባለፈው ስማቸው እንዳይገለጽ ፈለጉ ያልኳቸውን ሰው እኔ ነኝ የደበቅኳቸው ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ አጎቴንም በራሱ ድምፅ፣ ከነስሙ፣ ከነአባቱ ስም፣ ከነእንቁላሉ አቀረብኩት። አለቃዬ "ሰው አናውቅም ለመስማት ሬዲዮ አይከፍትም" ብሎ አጉረመረመ። የሱሉልታው ሹፌር ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሲያየኝ "ያንን ሰውዬ ድገሙት" አለኝ።

ሰርጉ ቡራዩ ነበር። እናቴ ለአጠገቧ ሁሉ የሙሽራዋ አባት ወንድሜ ነው ስትል ዋለች፤ ይኼኛውን ማጣራት አላስፈለገም። ሰማንያው ሲፈረም ወረቀቱ በሽማግሌዎቹ እጅ ዞረና ኦቦ እስክሪብቶውን ይዘው በዓይናቸው ፈለጉኝ።

"ሲምቢሮ" አሉኝ፤ በሳቸው ቋንቋ ወፍ ማለት ነው። "ነይ እማኝ ሁኚ።"

ጎንበስ ብዬ ስሜን ጻፍኩ። የአባቴን ጻፍኩ። ቦታው ጠባብ ነበር፣ የአያቴንም ጨመቅኩበት። እስክሪብቶውን ላስቀምጥ ስል አጎቴ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ ወረቀቱን ሲያይ ትንፋሹ ተሰማኝ።

"ልብ በይ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ቀኑንም ጻፊበት።"

ጻፍኩበት።